አራተኛው ጥያቄ፦ የሲያትል ጥቁር ተማሪዎች ኅብረትና የመምህርነት ጉዳይ

የተማሪ ንቅናቄ ታሪክ በተጻፈ ቍጥር ጎልቶ የሚወጣው ሰልፉ፣ መፈክሩና እስሩ ነው። ተማሪው ምን እንደ ጠየቀ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ከጠየቀው ውስጥ የትኛው እንደ ተመለሰና የትኛው ወረቀት ላይ እንደ ቀረ የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ይህ በአገራችን ተማሪዎች ታሪክ አጻጻፍም የሚታይ ነው፤ በምንኖርበት አገር ታሪክ ላይም እንዲሁ።

እዚህ የምናነሣው፣ ብዙዎቹ አባሎቹ በሲያትል ሴንትራል ዲስትሪክት ያደጉበትን የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት ነው። ኅብረቱ በ1968 ለዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስተዳደር አምስት ጥያቄዎች አቀረበ። ዘመናቱን ሁሉ የምንሰጠው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። ከአምስቱ አራተኛው፣ ዩኒቨርሲቲው ከኅብረቱ ጋር ተባብሮ ጥቁር መምህራንንና የአስተዳደር ሠራተኞችን ፈልጎ እንዲቀጥር የሚል ነበር። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የከበደውና እስከ ዛሬም በቂ መልስ ያላገኘው ይህ ነው። ለምን እንደ ከበደ ለማስረዳት ከሰፈሩ መነሣት ይገባል።

ሴንትራል ዲስትሪክት ከመሐል ከተማው በስተምሥራቅ ያለ ኮረብታማ ሰፈር ነው። በ1940 በመላው ሲያትል የነበሩት ጥቁሮች 3,789 ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመርከብና የአውሮፕላን ፋብሪካዎች ሠራተኛ ሲፈልጉ ቍጥሩ በፍጥነት አደገ፤ በ1960 26,901 ደረሰ። ሕዝቡ ሲበዛ ግን የሚኖርበት ሥፍራ አልሰፋለትም። በብዙ የከተማው ክፍሎች በቤት ውል ላይ ለጥቁርና ለእስያ ሰው እንዳይሸጥ የሚል ቃል ሰፍሮ ነበር፤ ባንኮችም በጥቁሮች ሰፈር ለቤት መግዣ የሚሆን ብድር ይነፍጉ ነበር። በ1964 ማንም ሰው በፈለገበት ሰፈር የመከራየትና የመግዛት መብት እንዲኖረው የሚያደርግ ደንብ ለከተማው ሕዝብ ድምፅ ቀርቦ፣ ሁለት እጁ ተቃውሞት ወደቀ። ደንቡ በከተማው ምክር ቤት የጸደቀው ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሁለት ሳምንት፣ በኤፕሪል 1968 ነው።

ሰፈሩ የታጠረ ስለሆነ ትምህርት ቤቱም የታጠረ ነበር። በ1961 በሴንትራል ዲስትሪክት እምብርት ካለው ከጋርፊልድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች 51 በመቶው ጥቁሮች ነበሩ፤ በመላው የከተማው ትምህርት ቤቶች ግን ጥቁሮች 5.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጆቹ ከጥቁር ሠፈር መጡ፣ የሚያስተምሯቸው ግን ከሌላ ሰፈር በጧት መጥተው ማታ የሚመለሱ ሰዎች ነበሩ። ሲያትል የመጀመሪያዋን ጥቁር መምህርት የቀጠረችው በ1947 ነው። ወይዘሮ ቴልማ ዴዊቲ የተመደቡት በጥቁሮች ሰፈር ሳይሆን በምዕራብ ሲያትል በሚገኘው በኩፐር ትምህርት ቤት ነበር። አንዲት ወላጅ ልጄ ከእርሳቸው ክፍል ይውጣልኝ ብትል ዲሬክተሩ እንቢ እንዳላት ይነገራል። የዴዊቲ መቀጠር የመጣው በዐዋጅ አይደለም፤ የከተማው ጥቁር ድርጅቶችና ወዳጆቻቸው ደጅ እየጠኑና እየወተወቱ ያስገኙት ነው። ያን ጊዜ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ትውልድ ገና አልተወለደም ወይም በእናቱ ጀርባ ላይ ነበር።

ይህ ትውልድ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ የመጀመሪያውን የፖለቲካ ትምህርት ያገኘው ትምህርት በማቆም ነው። በ1966 ማርች 31 እና ኤፕሪል 1፣ የከተማው የሲቪል መብት ድርጅቶች የትምህርት ቦርዱ የዘር ክፍፍሉን ባለማስወገዱ የሁለት ቀን የትምህርት ማቆም አድማ ጠሩ። በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት አልሄዱም፤ ከእነርሱም መካከል ጥቂት የማይባሉ ነጮች ነበሩ። የአድማው ልዩ ጠባይ ግን ልጆቹ ቤት አለመዋላቸው ነው። በቤተ ክርስቲያን አዳራሾችና በመሰል ሥፍራዎች «የነፃነት ትምህርት ቤቶች» ተከፍተው የጥቁር ሕዝብ ታሪክ ተማሩ። ከነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱን የመሩት ወይዘሮ ሮቤርታ በርድ ባር ነበሩ፤ በኋላ በ1973 የሊንከን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዲሬክተር በመሆን በሲያትል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመሩ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነዋል። ሁለት ቀን አጭር ጊዜ ነው። ይሁንና አንድ ልጅ የሚያውቀው ጎረቤቱ በጥቍር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ አያቶቹ ሲያስተምረው ከሰማ በኋላ፣ ሰኞ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የሚቀርብለትን መጽሐፍ እንደ ድሮው ሊያየው አይችልም።

በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል ስቶክሊ ካርማይክል በጋርፊልድ አዳራሽ ንግግር አደረገ። የትምህርት ቦርዱ አዳራሹን ሊከለክል ሞክሮ ነበር፤ ፍርድ ቤት አስፈቀደ። ከሰሙት ወጣቶች አንዱ አሮን ዲክሰን ነው። በ1968 መጀመሪያ ላይ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት እጅግ ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች የጥቁር ተማሪዎች ኅብረት ሲያቋቁሙ፣ ዲክሰን፣ ላሪ ጎሴት፣ ኢ. ጄ. ብሪስከር፣ ኤዲ ዴሚንግስና ካርል ሚለር ከግንባር ቀደሞቹ ነበሩ። ጎሴት ቀደም ሲል በኒው ዮርክ ሃርለም በበጎ ፈቃድ አገልጋይነት ሠርቶ የተመለሰ ነው። ኅብረቱ በግቢው ውስጥ አልተወሰነም፤ አባሎቹ ወደ ጋርፊልድና ወደ ፍራንክሊን እየሄዱ በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ መሰል ኅብረቶች እንዲቋቋሙ ረዱ፣ ታናናሾቻቸውን አስጠኑ። ስለ ኅብረቱ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን ሥራ እንደ ቅጥያ ነው የሚያየው። እኛ ግን የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው እንላለን። ዩኒቨርሲቲው ገና መምህር ብሎ ሳይቀበላቸው በሰፈራቸው ልጆች ፊት የመምህርን ሥራ ይሠሩ ነበር።

ማርች 29 ቀን 1968 የሆነውን በዚህ ዐይን ማየት ይገባል። ከሴንትራል ዲስትሪክት በስተደቡብ በሚገኘው በፍራንክሊን ትምህርት ቤት፣ ሁለት ልጃገረዶች ጠጕራቸውን በተፈጥሮው በማቆማቸው ተገሠጹ፤ ከጠብ ጋር በተያያዘም ጥቁር ተማሪዎች ከትምህርት ታገዱ። ከዩኒቨርሲቲ፣ ከጋርፊልድና ከዚያው ከፍራንክሊን የተሰባሰቡ ከመቶ የማያንሱ ወጣቶች የዲሬክተሩን ቢሮ ይዘው ተቀመጡ። ከጠየቁት ውስጥ የታገዱት እንዲመለሱ፣ የጥቁር ሕዝብ ታሪክ እንዲሰጥና ጥቁር የአስተዳደር ሰው እንዲቀጠር የሚሉ ይገኙበታል። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ዶክተር ኪንግ በተገደሉበት በኤፕሪል 4፣ ጎሴት፣ ዲክሰንና ሚለር ተያዙ። በሐምሌ ወር መጀመሪያ ሲፈረድባቸው በሴንትራል ዲስትሪክት ቍጣው ገነፈለ፤ መንገዱ ለቀናት ሰላም አጣ።

እዚህ ላይ ከአገራችን ታሪክ ጋር የሚገጥም አንድ አጋጣሚ አለ። ፍራንክሊን በተያዘ በማግሥቱ፣ ማርች 30 ቀን 1968፣ በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ሲደረግ ተማሪዎች በተቃውሞ ተነሡ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ «አንድ ትግል ነው» ማለት ቀላል ነው፤ እኛ ግን አንልም። በሲያትል የተነሡት የልጃገረዶቹን ራስ ለማስከበር ነበር፤ በአዲስ አበባ ግን የቍጣው በትር ከባዕድ ባህል ይልቅ በገዛ እኅቶቻችን ላይ ያረፈ መሆኑን ዛሬ መካድ አይቻልም። የሚያመሳስላቸው ሌላ ነው፤ እርሱም ማን ያስተምረናል፣ ምንስ ያስተምረናል የሚለው ነው። የሰላም ጓድ የሚባሉት አሜሪካውያን ወጣቶች በ1962 ከ270 በላይ ሆነው ኢትዮጵያ ሲገቡ አብዛኞቹ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ መምህራን ሆነው ተመደቡ። በ1969 ተማሪዎቻችን የሰላም ጓዶች ይውጡ ብለው ጠየቁ። በሰላም ጓዶቹ ዘንድ ደግ ሰዎች አልነበሩም ማለታችን አይደለም፤ በእነርሱ እጅ ፊደል የቈጠሩ አባቶቻችን ዛሬም በፍቅር ያነሧቸዋል። ነገሩ የሰው ደግነት አልነበረም። በሲያትል ጋርፊልድ ጥቁር ልጆች የሚመስላቸውን መምህር ባጡበት በዚያው ዘመን፣ አሜሪካ ለደሴና ለጎንደር መምህር መላኳ፣ የመምህር አመዳደብ ከሕዝብ ፈቃድ ይልቅ የመንግሥት ፖለቲካ መሆኑን ያሳያል።

በአንጻሩ ተማሪውን ራሱን መምህር የማድረግ ሙከራም ነበር። ከ1964 ጀምሮ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በሚባለው ደንብ፣ ተማሪው ትምህርቱን ሳይጨርስ አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ግድ ሆነ፤ አብዛኛውም ያገለገለው በማስተማር ነው። የከተማ ልጅ ገጠርን ያየው፣ የገጠርም ልጅ ዩኒቨርሲቲን በሰው አምሳል ያየው በዚህ ዓመት ነበር። የበዕደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤትም ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዝ ጎበዙን እየመረጠ ለመምህርነት ሲያዘጋጅ፣ ሳያስበው ለንቅናቄው ብዙ ሰው አፈራ። መንግሥት ለመምህርነት ያሰባሰባቸው ልጆች ስለ ትምህርቱ አወቃቀር ራሱ መጠየቅ ጀመሩ። በ1974 ፌብሩዋሪ መምህራኑ በትምህርት ዘርፍ ጥናቱና በደመወዛቸው ጉዳይ ሲያድሙ፣ የአሥር ዓመቱ ዘር ፍሬ ማፍራቱ ነበር።

ወደ ሲያትል እንመለስ። ሜይ 20 ቀን 1968 የኅብረቱ አባሎች የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኦዴጋርድ ከመምህራኑ ሸንጎ ሥራ አስፈጻሚ ጋር ስብሰባ ላይ ሳሉ ቢሮውን ያዙ። ፖሊስ ከውጭ ተሰለፈ፤ ውስጥ ያሉት ለአራት ሰዓት ያህል ተቀምጠው ተደራደሩ፤ በመጨረሻም ስምምነት ተፈርሞ በሰላም ወጡ። ጥያቄዎቹ አምስት ነበሩ ብለናል። የመጀመሪያው ጥቁር ተማሪዎችን የሚመለከት ውሳኔ ሁሉ ከኅብረቱ ጋር ተመክሮበት እንዲሰጥ፣ ሁለተኛው ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎችን ለመመልመልና ለማስጠናት ገንዘብ እንዲመደብ፣ ሦስተኛው የጥቁር ሕዝብ ጥናት ትምህርት እንዲታቀድ ነው። አራተኛውን ከላይ ጠቅሰናል። አምስተኛው በሙዚቃ ክፍል ጥቁር መምህራን እንዲገቡ የሚል ነው። ከአምስቱ ሁለቱ ስለ መምህር መሆናቸውን አንባቢ አያልፈው።

ከሁሉ ፈጥኖ የተፈጸመው ሁለተኛው ነው። በዚያው በጋ የኅብረቱ ሰዎች በሴንትራል ዲስትሪክት ጎዳናዎችና በያኪማ ሸለቆ የእርሻ ሠራተኞች መንደር ሳይቀር እየዞሩ መለመሉ፤ በመኸሩ ከያኪማና ከአካባቢው 35 ያህል የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ገቡ። ጥቁሮቹ ለራሳቸው ብቻ አለመጠየቃቸው፣ ለሕንዶችና ለሜክሲካውያን ልጆችም በር ማስከፈታቸው፣ ለየብሔረሰባችን ብቻ መጠየቅ ለለመድነው ለእኛ ሊያስተምር ይገባል። ከዚህ ምልመላ የአናሳ ሕዝቦች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ተወለደ፤ በ1970 ዶክተር ሳሙኤል ኬሊ፣ ቀድሞ የጦር መኮንን የነበሩ መምህር፣ የጽሕፈት ቤቱ የመጀመሪያ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አምስተኛው ጥያቄ የደረሰበት ዕጣ ስለ አራተኛው ብዙ ይናገራል። ጆ ብራዚል የሚባለው የጃዝ ሙዚቀኛ፣ በ1965 ከጆን ኮልትሬን ጋር «ኦም» በተባለው ቅጂ ላይ ዋሽንት የነፋ ሰው፣ በ1969 በዩኒቨርሲቲው ተቀጠረ። ክፍሉ በተማሪ ይሞላ ነበር። በ1976 ግን ተማሪው እየተቃወመም ቋሚ የመምህርነት ማዕረግ ተነፈገው። ተማሪ በአንድ መስከረም ይገባል፤ መምህርን የሚያጸኑት ግን ቀድሞ የገቡ መምህራን ናቸው፣ በራሳቸው መለኪያ፣ በዝግ ስብሰባ። ቢሮ ይዞ በመቀመጥ ያን ስብሰባ መክፈት አይቻልም፤ ተቀማጩ ተመርቆ ሲሄድ ስብሰባው በየዓመቱ ይቀጥላል።

ሌላም ቅራኔ አለ። ከመለያየት ዘመን በፊትና በዘመኑ፣ በደቡብ ግዛቶች ለተማረ ጥቁር ከተፈቀዱት ጥቂት የተከበሩ ሥራዎች ዋነኛው መምህርነት ነበር። የ1954ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ትምህርት ቤቶቹን ሲያዋህድ፣ ልጆቹ ወደ ነጮቹ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ በሺህ የሚቈጠሩ ጥቁር መምህራን ሥራቸውን አጡ። በሰሜን ደግሞ የዩኒቨርሲቲው በር በ1968 ሲከፈት የሕግ፣ የምህንድስናና የንግድ ትምህርት በሮችም አብረው ተከፈቱ። ጎበዙ ልጅ ወደዚያ ቢሄድ ማን ይወቅሰዋል? የመምህር ደመወዝ ትንሽ፣ ድካሙ ብዙ ነው። እንዲህ ሆኖ ሁለተኛው ጥያቄ በተሳካ መጠን አራተኛው ባለቤት እያጣ ሄደ። ይህን የኅብረቱ ድክመት አድርገን አናየውም፤ የመዋቅሩ ጠባይ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ሰፈሩ ራሱ ነው። በ1977 መጨረሻ የሲያትል ትምህርት ቦርድ ፍርድ ቤት ሳያስገድደው ልጆችን በአውቶቡስ እያዘዋወረ ትምህርት ቤቶቹን ለማመጣጠን ወሰነ፤ ሥራውም በ1978 መስከረም ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የሴንትራል ዲስትሪክት ልጅ የሰፈሩ ትምህርት ቤት የእርሱ አልሆነም፤ በጧት ተነሥቶ ከተማ አቋርጦ ይሄድ ነበር። ሸክሙ ከነጭ ልጆች ይልቅ በጥቁር ልጆች ላይ መውደቁን ብዙ ወላጆች አጥብቀው ተናግረዋል። ዕቅዱ በሂደት ቀረ፤ በ2007 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተማሪን ዘር እየቈጠሩ መመደብን በራሱ በሲያትል ጉዳይ ላይ በሰጠው ፍርድ ከለከለ። ያን ጊዜ የቤት ዋጋው ሥራውን አስቀድሞ ጨርሶ ነበር። በ1970 ከ70 በመቶ በላይ ጥቁር የነበረው ሰፈር፣ በ2010ዎቹ አጋማሽ ጥቁሮቹ ከ20 በመቶ በታች ሆነዋል። ለሰፈሩ ልጆች መምህር ይሁን ብሎ የጠየቀው ትውልድ መምህሩን ቢያገኝ እንኳ ልጆቹን ከሰፈሩ አጣቸው። በሰፈሩ ደቡባዊ ጠርዝ ያለው የኮልማን ትምህርት ቤት ከተዘጋ በኋላ በ1985 ጥቁር ታጋዮች ሕንፃውን ይዘው ሙዚየም ይሁንልን ብለው ስምንት ዓመት ያህል ኖሩበት፤ ሙዚየሙ በ2008 ተከፈተ። ጥሩ ሙዚየም ነው። ልጅ ግን አይማርበትም።

እኛ ወደዚህ ታሪክ የገባነው መሐሉ ላይ ነው። ከ1974 በፊት በሲያትል የነበሩት ኢትዮጵያውያን ጥቂት ተማሪዎች ነበሩ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ከሱዳን መጠለያዎች የመጡት ወገኖቻችን ኪራይ በሚቀመስበት በሴንትራል ዲስትሪክት ሰፈሩ፤ በቼሪና በጄፈርሰን ጎዳናዎች ምግብ ቤቶች ከፈቱ። ልጆቻቸው ወደ ጋርፊልድ፣ ከዚያም የ48 ቍጥር አውቶቡስ ዛሬም በሚጓዝበት መንገድ ሞንትሌክን ተሻግረው ወደ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ከገቡት ብዙዎቹ የተረዱት በዚያው በ1968 አድማ በተወለደው ጽሕፈት ቤት ነው። በሩን ማን እንደ ከፈተው ሳያውቅ ተመርቆ የወጣ ወገን ቍጥሩ ትንሽ አይደለም። ያ ትውልድም በተራው ወደ ነርስነት፣ ወደ ምህንድስናና ወደ ኮምፒዩተር ሄደ፤ ቤቱም ሲወደድ ወደ ሬኒየር ሸለቆና ከዚያም ወዲያ ወጣ። ዛሬ አማርኛ በሲያትል የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወላጆች በብዛት ከሚናገሯቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው።

ላሪ ጎሴት ከ1994 እስከ 2019 የኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት አባል ነበር፤ ቢሮውም በ1968 በታሰረበት በዚያው የፍርድ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። በፖለቲካው መስክ የመጣው ለውጥ ይህን ያህል ነው። በክፍል ውስጥ የመጣው ግን ያነሰ ነው፤ የከተማው መምህራን አብዛኞቹ ዛሬም ነጮች ናቸው። በ2013 ዩኒቨርሲቲው፣ የትምህርት ቤቶቹ አስተዳደርና የመምህራኑ ማኅበር ከአንድ የከተማው ድርጅት ጋር ሆነው፣ ዕጩ መምህር አንድ ሙሉ ዓመት ልምድ ካለው መምህር ጎን በከተማው ክፍሎች ውስጥ ቆሞ የሚሠለጥንበትን ዕቅድ ጀመሩ። አንብበን የተገረምነው በአዲስነቱ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ አገልግሎታችንን በጣም ስለሚመስል ነው።

ስለዚህ ጽሑፍ ስንነጋገር በማኅበራችን ቡና ላይ የተገኙ አንድ አዛውንት፣ በአገልግሎት ዓመታቸው በወሎ ጂኦግራፊ አስተምረው፣ ከምረቃ በኋላም እስከ ስደታቸው ድረስ በዚያው ሥራ የቈዩ ናቸው። ሲያትል ከገቡ በኋላ የመኪና ማቆሚያ ቦታ ሂሳብ ተቀባይ ሆነው ነው ጡረታ የወጡት። የማስተማር ፈቃድ ጠይቀው ነበር ወይ ብለን ስንጠይቃቸው፣ ወረቀታቸው እንዲተረጐም፣ እንዲመዘን፣ ፈተናም እንዲወስዱና እንደ አዲስ የሥልጠና ዓመት እንዲገቡ ተነግሯቸው እንደ ነበር ገለጹልን። ያን ጊዜ አራት ልጆች ያሳድጉ ነበር። «እኔ እንኳ ቀርቶብኛል» አሉ፤ «ከልጆቼ ግን አንዱ መምህር ይሆናል ብዬ ነበር።» ከአራቱ አንዱም አልሆነም። ሦስተኛዋ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ለሕፃናት ፊደል ታስቈጥራለች፤ ያለ ክፍያ፣ ያለ ፈቃድ ወረቀት።